ቤት ያምራል፣ መድረክ ላይ ይጠፋል፦ የጊታር ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ሀዋሳ የምኖር ጊታሪስት ነኝ። ከባንዳችን ጋር ሰርግ እንሠራለን፤ አንዳንድ ቅዳሜ ማታ ደግሞ ሆቴል ውስጥ እንጫወታለን። ያለኝ ቦስ ጂቲ-1 የሚባል፣ የአምፕና የኢፌክት ድምፅ የሚያስመስል ዲጂታል የጊታር ፕሮሰሰር ነው። ማታ ማታ ቤት ቁጭ ብዬ በማዳመጫ ድምፅ ስፈልግ አመሻለሁ። እዚያ በጣም ያምራል። መድረክ ላይ ስወጣ ግን የሌላ ሰው ዕቃ የያዝኩ ይመስለኛል። ሰርግ ላይ በቀጥታ ሚክሰር ውስጥ ስንሰካው ጠርሙስ ውስጥ የገባ ዝንብ ነው። ሆቴሉ ባለው የጊታር አምፕ ስሰካው ደግሞ ይታፈናል፤ ትሬብሉን (የቀጭኑን ድምፅ ቁልፍ) እስከ መጨረሻ ብወስደውም አይከፈትም። ኪቦርዱ ሲገባማ ከነጭራሹ አልሰማም። ድራመራችን «ኮምፒውተር ይዘህ ጊታሪስት ነኝ ትላለህ» እያለ ይቀልድብኛል። ዲጂታል ሲባል እንዲህ ነው? ሸጬ ትልቁን ልግዛ?
መ. ከሀዋሳ

መልስ፦ ወንድሜ መ.፣ አትሽጠው። ትልቁን ብትገዛም እነዚህ ሦስት ችግሮች ተከትለውህ ይሄዳሉ።

ሰው ፕሮሰሰር ገዝቶ ሲያበራ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ አምፖቹ ዝርዝር ነው። ማርሻሉን ይሞክራል፣ ፌንደሩን ይሞክራል፣ አንዱ ደስ እስኪለው ድረስ ሲያገላብጥ ያመሻል። እኔ ከኋላ ነው የምጀምረው። ድምፁ በመጨረሻ ከምንድነው የሚወጣው? ከማዳመጫ ነው? ከአዳራሽ ስፒከር ነው? ከጊታር አምፕ ነው? ይህ ሳይታወቅ አምፕ መምረጥ ትርፉ ድካም ነው።

ከቀላሉ፣ ከሆቴሉ እንነሳ። ጂቲ-1 አምፑን ብቻ አይደለም የሚያስመስለው። ከአምፑ ቀጥሎ ያለውን የስፒከር ሳጥንና ከፊቱ የቆመውን ማይክ ጭምር ነው። ለማዳመጫና ለሚክሰር ይህ የግድ ነው። የሆቴሉ አምፕ ግን የራሱ ስፒከር አለው። ስለዚህ ድምፅህ መጀመሪያ በውሸቱ ስፒከር ያልፋል፣ ከዚያ እንደገና በእውነተኛው። የጊታር ስፒከር ደግሞ ተፈጥሮው ቀጭኑን ድምፅ መቁረጥ ነው፤ 12 ኢንቹ ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ቶሎ ነው የሚጥለው። ሁለቴ ሲቆረጥ ምን ይተርፋል? ትሬብሉን እስከ መጨረሻ የወሰድከው ለሌለ ነገር ነው።

ሜኑ ውስጥ ገብተህ «አውትፑት ሴሌክት» የሚለውን ፈልግ። አሁን «ላይን/ፎንስ» ላይ ነው ያለው፤ በማዳመጫ ያማረልህም ለዚያ ነው። ሆቴል ስትገባ ወደ አምፑ ዓይነት ቀይረው። አምፑ ሮላንድ ጄሲ-120 ከሆነ ስሙ ራሱ ተጽፎ ታገኘዋለህ። ሌላ ከሆነ «ኮምቦ አምፕ» ወይም «ስታክ አምፕ» የሚለውን ምረጥ። ከአምፑ ጀርባ «ሪተርን» የሚል ቀዳዳ ካለ ደግሞ ከፊቱ ይልቅ እዚያ ሰካው፤ ሜኑው ላይም «ሪተርን» የሚለውን ምረጥ። ያኔ የአምፑን ቤዝና ትሬብል ዘለህ በቀጥታ ጉልበቱን ትጠቀማለህ። አንድ አምፕ በሌላ አምፕ ላይ ተደርቦ ከመጮህ ትድናለህ። በማግስቱ ሰርግ ካለህ ግን ወደ «ላይን/ፎንስ» መመለስ እንዳትረሳ። ሳትመልሰው ሚክሰር ላይ ከሰካኸው የዝንቡን አባት ነው የምትሰማው።

አሁን ወደ ሰርጉ ዝንብ። መጀመሪያ የሚክሰሩን ቀይ መብራት እይ። ብዙ ሳውንድ ማን የጊታር ጃክ ሲሰጠው እንደ ማይክ ነው የሚቀበለው፤ ጌይኑን (የሚገባውን ድምፅ ማጉያ ቁልፍ) ለዘፋኙ ባስቀመጠበት ይተወዋል። ያንተ ዕቃ የሚልከው ድምፅ ከማይክ በብዙ ስለሚበረታ ቻናሉ ገና በሩ ላይ ይሰነጠቃል። ያ መሰነጣጠቅ ከዲስቶርሽንህ (ሆን ብለህ ከምታሻክረው ድምፅ) ጋር ሲደባለቅ ሰው ሁሉ «ዲጂታል ስለሆነ ነው» ይላል። አንተ አጥብቀህ እየመታህ እሱ ጌይኑን ያውርደው፣ «ፒክ» የምትለዋ መብራት እስክትጠፋ። በአንድ ጃክ ብቻ የምትጫወት ከሆነ ደግሞ «ሞኖ» የሚል ጽሑፍ ባለበት በግራው በኩል ሰካ። ቀኙን ብቻ ብትሰካ የስቴሪዮው ግማሽ ነው የሚደርስልህ።

ቀይ መብራት ሳይኖር ዝንቡ ካለ ነገሩ ከማታ ሥራህ ጋር የተያያዘ ነው። በ1933 ቤል ላብስ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ነገር በቁጥር አሳይተው ነበር። ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ቤዙንና ቀጭኑን አሳንሶ ነው የሚሰማው፤ መሃሉ ግን ያን ያህል አይጎዳም። እንግዲህ ማታ ሰው እንዳይረበሽ ዝቅ አድርገህ ስትሠራ ጆሮህ «ቤዝ ጎደለው፣ ጥራት ጎደለው» ይልሃል። ትጨምርለታለህ። ሚዱ፣ ማለት መሃሉ፣ የበዛ ይመስልሃል። ትቀንሰዋለህ። ቅዳሜ ያንኑ ድምፅ ትልቅ ስፒከር ላይ ትከፍተዋለህ። ቤዙ አዳራሹን ይደፍነዋል፣ ቀጭኑ ጆሮ ይወጋል፣ መሃሉ ባዶ ነው።

መፍትሔው ድምፁን በሚሰማበት ልክ መሥራት ነው። ያ ቀልደኛ ድራመርህ እዚህ ላይ ይጠቅምሃል። ሰርገኛ ከመግባቱ በፊት ቀደም ብላችሁ ድረሱ፣ እሱ እንደ ወትሮው ይምታ፣ አንተ ከመድረክ ወርደህ አዳራሹ መሃል ቁምና ማስተካከያውን እዚያው ሥራ። ጃኩ ካልደረሰ ሌላ ሰው ይጫወትልህ፣ አንተ ስማ። ከዚያ ኢኳላይዘሩ ውስጥ «ሎው ከት» (ወፍራሙን ከታች የሚቆርጥ) እና «ሃይ ከት» (ቀጭኑን ከላይ የሚቆርጥ) የሚሉትን አግኝ። ሎው ከቱን 80 ኸርዝ አካባቢ አድርገው። የጊታር ወፍራሙ ክር 82 ኸርዝ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ጉምጉምታ ያንተ አይደለም፣ የቤዙና የከበሮው ነው። ሃይ ከቱን ለዲስቶርሽን ከ6 ኪሎኸርዝ ጀምረህ ዝንቡ እስኪሞት ውረድ። ለንፁህ ድምፅ 8 አካባቢ ይበቃል። ትሬብልን መቀነስና ሃይ ከት አንድ አይደሉም፤ ትሬብሉ ሲቀንስ የጊታሩ ጥርት ማለትም አብሮ ይሄዳል፣ ሃይ ከቱ ግን ከጊታር ድምፅ በላይ የተረፈውን ብቻ ነው የሚያነሳው። የቤቱን ፓች (ያስቀመጥከውን የድምፅ ቅንብር) አታጥፋው። ኮፒ አድርገህ አንዱን «ቤት»፣ አንዱን «አዳራሽ» በለው።

ሦስተኛው ኪቦርዱ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ባወራ አትታዘበኝ።

በእኛ አገር ሰርግ ኪቦርድ ብቻውን ግማሽ ባንድ ነው። ግራ እጁ ቤዝ ይደርባል፣ ቀኝ እጁ ቫዮሊንና ጥሩምባ ያወጣል፣ አንዳንዴ ማሲንቆውም ክራሩም ከውስጡ ይመጣል። ከእሱ ጋር በታች በኩል አትወዳደርም። በላይ በኩል ደግሞ ሲምባል አለ። ላንተ የተረፈችህ ቦታ ከ500 ኸርዝ እስከ 3 ኪሎኸርዝ ያለችው ነች። ማዳመጫ ላይ የቀነስካት እሷኑ ነው! ሚዱን መልስ። ብቻህን ስትሰማው በአፍንጫው የሚያወራ ሰው ይመስልሃል። ግድ የለም፣ ሰርገኛው ብቻህን አይሰማህም።

ቀጥሎ ጂቲ-1 ውስጥ ያለውን የአምፑን ጌይን ቀንስ። ቀነስኩ ስትል ደግሜ ቀንስ እልሃለሁ። ጌይን ሲበዛ ቀስ ብለህ የነካኸውና አጥብቀህ የመታኸው እኩል ይሆናሉ። የእኛ ዜማ ነፍሱ ያለው ደግሞ በዚያ ልዩነት ውስጥ ነው፤ ትዝታ ስትጫወት ጣትህን ክሩ ላይ የምታንቀጠቅጠው፣ ከታች ተንሸራተህ ኖታው ላይ የምታርፈው። ይህ ሁሉ ተፈጭቶ አንድ ወጥ ጩኸት ሲሆን ኪቦርዱ በቀላሉ ይሸፍነዋል።

ቅኝቱም ራሱ ከዲስቶርሽን ጋር የሚስማማበትና የማይስማማበት አለ። አንቺሆዬን ውሰድ። ከሲ ስትነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው። ሁለት ቦታ ላይ ኖታዎቹ በግማሽ ድምፅ ብቻ ነው የሚራራቁት። ዲስቶርሽን ደግሞ ሁለት ኖታ አብረው ሲገቡበት የድምራቸውንና የልዩነታቸውን ሞገድ ከራሱ ይጨምራል። ሲ እና ጂ አብረው ሲመቱ ልዩነታቸው ያው ሲ ነው፣ አንድ ኦክታቭ ወርዶ። ስለዚህ ድምፁ ወፍሮ ይመጣል። የሮክ ሰዎች ፓወር ኮርድ የሚወዱት ለዚህ ነው። ኤፍና ጂ ፍላት አብረው ቢደወሉስ? አንዱ 349 ኸርዝ ነው፣ ሌላው 370። ልዩነታቸው 21 ኸርዝ ነው። ያ ኖታ አይደለም፣ ማጉረምረም ነው። አንዱን ክር ሳታፍን ወደ ሌላው ከሄድክ በአንቺሆዬ የምታገኘው ይህንን ነው። ድምፅን የሚያስተጋቡት ረጅም ዲሌይና ሪቨርብም አይረዱህም፤ ያለፈው ኖታ ሳይጠፋ ጎረቤቱ ይመጣበታል። ለአንቺሆዬና ለአምባሰል ንፁህ ወይም ጫፉ ላይ ብቻ ሻከር ያለ ድምፅ ያዝ። ዲስቶርሽኑን በሜጀር ትዝታ ለሚሄደው ሶሎ አስቀምጠው፤ እዚያ ግማሽ ድምፅ የሚባል ነገር የለም።

የአይቤክስና የሮሃ ባንዱን ጊታሪስት ሰላም ስዩምን አዳምጥ። ዘፋኙ፣ ጥሩምባው፣ ኪቦርዱ ሁሉ እያለ ጊታሩ አንድም ኖታ አይጠፋበትም። ጮኾ ሳይሆን ቦታውን ስለሚያውቅ ነው።

ስለዚህ ባዶ ፓች ክፈትና ከአንድ አምፕ ብቻ ተነስ። የፋብሪካውን ፓቾች ተዋቸው፤ እነሱ ሱቅ ውስጥ ገዢ ለማስደነቅ የተሠሩ ናቸው፣ ለዚያ ነው ሁሉም በሪቨርብ የራሱት። ጌይኑን አጥብቀህ ስትመታ ብቻ ሻከር እስኪል አድርገው። ከዚያ የጊታርህን ቮልዩም ወደ 7 አውርደው፤ ይጠራልሃል። ሶሎ ሲመጣ ወደ 10 ክፈተው። ለሶሎ ሌላ ፓች ከመፈለግ ይህ ይሻላል፣ ድምፁ አንድ ሰው የሚጫወተው ሆኖ ይቆያል። ይህ ካማረህ በኋላ ነው ዲሌይ፣ ኮረስ፣ ዋህ የምትጨምረው፣ አንድ በአንድ።

ሁለት ጥቃቅን ነገር ልጨምር። ጫጫታ የሚያጠፋው «ኖይዝ ሳፕረሰር» ከፍ ብሎ ከሆነ ዝግ ባለ ዘፈን ላይ ኖታህን ጅራቱን ይቆርጠዋል። አንድ ኖታ መትተህ ዝም በል፤ ድምፁ ቀስ እያለ ካልሞተና ድንገት ከጠፋ አውርደው። ጄኔሬተር ባለበት ሰርግ ጉምታ ካስቸገረህ ደግሞ አዳፕተሩን ነቅለህ በ4 ኤኤ ባትሪ ሞክረው፤ ጂቲ-1 በባትሪም ይሠራል። ጉምታው ከጠፋ ነገሩ የኤሌክትሪክ መስመሩ ነው። ካልጠፋ የጊታርህ ፒክአፕ የመድረኩን መብራት እየሰበሰበ ነው፤ ቆመህበት ወደ ግራ ወደ ቀኝ ዙር፣ የሚቀንስበት አቅጣጫ አለ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ዱባይ ነው የምኖረው። ክፍሌን ከሦስት ልጆች ጋር ስለምጋራ አምፕ የሚባል ነገር አይታሰብም። ላፕቶፔ ላይ ኒውራል አምፕ ሞዴለር የሚሉትን ነፃ ሶፍትዌር ጫንኩ፣ የአንድ ትልቅ አምፕ ፋይልም አወረድኩ። ሁሉም ሲያሞግሰው ነበር የሰማሁት። እኔ ጋር ግን ሻካራ ጩኸት ብቻ ነው። ደግሞ ክሩን መትቼ ድምፁ ቆይቶ ነው የሚመጣው። ኤርፎኔ ብሉቱዝ ነው፣ ውድ ነው የገዛሁት።
ሠ. ከዱባይ

መልስ፦ እህቴ፣ ኤርፎኑ ሙዚቃ ለመስማት ይሁንሽ፤ ለጊታር ግን አይሆንም። ብሉቱዝ ድምፁን አሽጎ ልኮ እስኪፈታ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ይወስዳል። ዘፈን ስትሰሚ አታውቂውም፤ ስትጫወቺ ግን ጣትሽና ጆሮሽ ይጣላሉ። ባለ ሽቦ ማዳመጫ ግዢ፣ ርካሹም ይሠራል። ጊታሩንም በላፕቶፑ የማይክ ቀዳዳ እያስገባሽው ከሆነ ተዪው፤ አንዲት ትንሽ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ያስፈልግሻል። «ኢንስትሩመንት» ወይም «ሃይ-ዚ» የሚል ቁልፍ ያላት ትሁን፣ ቁልፉንም ጫኚው። አለበለዚያ ጊታሩ ገና ሲገባ ይደበዝዛል። ከዚያ ሶፍትዌሩ ላይ ባፈሩን (ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ የሚያጠራቅመውን የድምፅ ናሙና ብዛት) 128 አድርጊው። በ48 ኪሎኸርዝ 128 ማለት 2.7 ሚሊሰከንድ ነው። መግቢያና መውጫው ተደምሮ 10 ሚሊሰከንድ ቢሞላ እንኳ ከአምፕ 3 ሜትር ተኩል ያህል ርቀሽ እንደቆምሽ ነው፤ መድረክ ላይ ሁላችንም የምንቆመው በዚያ ርቀት ነው። ድምፁ መቆራረጥ ከጀመረ ወደ 256 ውጪ። ላፕቶፑ ዊንዶውስ ከሆነ የኢንተርፌሱን የራሱን ኤሲዮ ድራይቨር ምረጪ።

ሻካራው ጩኸት ደግሞ ለሀዋሳው ልጅ ከነገርኩት ጋር ይገናኛል። ስቲቨን አትኪንሰን የሠራው ይህ ሶፍትዌር አምፑን በናሙና ተምሮ ነው የሚያስመስለው። የምታወርጃቸው ፋይሎች ግን ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ አምፑን ከነስፒከሩ ይይዛሉ። ብዙዎቹ አምፑን ብቻ ነው። ያንቺ ሁለተኛው ዓይነት ነው የሚሆነው፤ ስፒከር ሳይኖረው በቀጥታ ጆሮሽ ውስጥ እየገባ ነው። ሶፍትዌሩ ላይ «አይአር» የሚል ቦታ አለ። እዚያ የስፒከር ሳጥን ፋይል ጫኚበት፤ ነፃ የሚሰጡ ሞልተዋል። ስሙ ላይ 57 የሚል ካየሽ ሹር ኤስኤም57 በሚባለው ማይክ የተቀዳ ነው፣ ከእሱ ጀምሪ። አንዱ ስፒከር በብዙ ፋይል ይመጣል፤ ማይኩ ከስፒከሩ መሃል ላይ ከሆነ ድምፁ ስል ይሆናል፣ ወደ ጠርዝ ሲሄድ ይለሰልሳል። አምፑን መቀያየር ትተሽ አንድ አምፕ ላይ ሆነሽ እነዚህን ፋይሎች ቀያይሪ። ልዩነቱ ያስደነግጥሻል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ለገና አዲስ አበባ ልሄድ ነው። የእህቴ ልጅ ጊታር ይጫወታል፣ አንድ ጥሩ ፕሮሰሰር ይዤለት ልሂድ ብዬ አስቤያለሁ። እኔ ስለዕቃው አላውቅም። ውዱን ልግዛ ወይስ መካከለኛውን?
አቶ ተ.

መልስ፦ አቶ ተ.፣ ልጁ የታደለ ነው። ገንዘቡን ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ አይጨርሱት። መካከለኛ ፕሮሰሰር ይግዙለትና የተረፈውን ለስፒከር ያውሉት፤ «ፉል ሬንጅ» የሚባለው፣ የራሱ ጉልበት ያለው፣ 8 ወይም 10 ኢንች። ውድ ፕሮሰሰር ከደካማ የኮምፒውተር ስፒከር ጋር ምንም አይጠቅመውም። ክብደቱ ሻንጣ ውስጥ ካስቸገረዎት ስፒከሩን አዲስ አበባ ፈልጎ እንዲገዛ ገንዘቡን ይስጡት፤ እርስዎ ለልጁ ጥሩ ባለ ሽቦ ማዳመጫ ይያዙለት።

ዋናው ግን ኤሌክትሪኩ ነው። እዚያ 120 ቮልት ነው፣ እዚህ 220። ከመክፈልዎ በፊት አዳፕተሩን ገልብጠው ጽሑፉን ያንብቡ። «100-240» የሚል ከሆነ ሶኬቱን ብቻ መቀየር ይበቃል። «120» ብቻ ካለ፣ ለምሳሌ ለአሜሪካ ገበያ የሚሸጠው የቦስ ፒኤስኤ-120ኤስ እንደዚያ ነው፣ እዚህ ከተሰካ ሊቃጠል ይችላል። እሱን ይተዉትና የ220ውን አዳፕተር እዚሁ ይግዛ። ልጁ ለሻጩ እንዲነግር ከዕቃው ጀርባ ያለውን ይጻፉለት፦ ስንት ቮልት፣ ስንት ሚሊአምፔር፣ የመሃሉ ፖል ኔጌቲቭ ነው ወይስ ፖዘቲቭ። የጊታር ዕቃ ብዙውን ጊዜ 9 ቮልትና መሃሉ ኔጌቲቭ ነው፤ የሌላ ዕቃ አዳፕተር ግን ብዙውን ጊዜ ተቃራኒው ስለሆነ በዘፈቀደ እንዳይሰካ ይንገሩት። ስፒከሩን ከዚያ የሚያመጡት ከሆነ ጀርባው ላይ 115 እና 230 የሚል መቀያየሪያ መኖሩን ይዩ፤ ካለ ከመሰካቱ በፊት ወደ 230 ይዙር።

ሻንጣዎ ውስጥ ትንሽ ቦታ ከተረፈ ጥቂት ፓኬት የጊታር ክር ይጨምሩለት፣ ውፍረቱ ከ10 እስከ 46 የሚለውን። ያረጀ ክር በየትኛውም ፕሮሰሰር አይድንም።